ጠርዙን የማይለቁት 11 ተማሪዎች

አንድ መምህር ምክር ፈልጎ የላከልኝ ደብዳቤ፣ አሳጥሬው፣ እንዲህ ይላል፦

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ። ዕድሜዬ 29 ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ዲፓርትመንት ውስጥ ዋናና ጂምናስቲክ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቶቹ 43 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ 11ዱ ስድስት ሳምንት ሙሉ የገንዳውን ጠርዝ ጨብጠው አንለቅም ብለዋል። ሜዳ ላይ ቢያዩአቸው አንበሳ ናቸው፤ ውኃው ጋ ሲደርሱ ግን ድርቅ ይላሉ። ‹ምን ያስፈራችኋል? ውኃው ደረታችሁ ድረስ ነው እኮ› ብል የሚሰማኝ የለም። ኃላፊያችን ‹የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፤ ኤፍ ስጣቸው፣ ያኔ ይዋኛሉ› ይሉኛል።

ከሁሉም የሚከነክኑኝ ሁለት ናቸው። አንዱ 1500 ሜትር ሯጭ ነው፤ በባቹ የሚቀድመው የለም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና ከኋላው ገፋ አደረግኩት። ውኃ ጠጣ፣ ተንፈራገጠ፣ ክላሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ክላስ አልመጣም። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ አናቶሚም ፊዚዮሎጂም ኤ ያላት። ገንዳው አጠገብ ስትደርስ ከንፈሯ ይደርቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ታናሽ ወንድሟን ክረምት ላይ ወንዝ እንደወሰደባት ጓደኞቿ ነገሩኝ። ከራሷ አፍ ግን አልሰማሁም።

ይህ ፍርሃት ነው ወይስ ስንፍና? እኔስ አስተማሪ ነኝ ወይስ ሐኪም? ልጁንስ በምን አፌ ልመልሰው?

ግራ የገባው መምህር»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ ያረፈው «እኔም ፈገግ ብያለሁ» ያልከው ላይ ነው። ልትደብቀው ትችል ነበር፤ አልደበቅከውም። ስለዚህ እኔም አላለሳልስልህም፦ ልጁን ከክላስ ያስቀረው ውኃው አይመስለኝም፤ ያ ፈገግታ ነው።

ውኃ የሚፈራን ሰው ገፍቶ ማስገባት እኛ አገር የቆየ ዘዴ ነው። ወንዝ ዳር ወይም ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው አጎቱ አንጠልጥሎ እንዴት እንደወረወረው እየሳቀ ያወጋሃል፤ «በዚያው ዋና ቻልኩ» ብሎ ይጨርሳል። ልብ በል፣ ይህን የሚያወጉት የቻሉት ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ ያልቀረበው ልጅ ምን ብሎ ያውጋ?

ልጁ ያን ቀን ብዙ ተምሯል። ውኃ አደገኛ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ገብቶ ውኃ ጠጣ፤ ፍርሃቱ ልክ እንደነበር ተረጋገጠለት። ከኋላው የቆመ አስተማሪ እንደማይታመን አወቀ። ሜዳ ላይ ሲያጨበጭቡለት የነበሩት ልጆች ሲወድቅ እንደሚስቁበትም አየ። በስድስት ሳምንት ያላስተማርከውን በአንዲት ደቂቃ አስተማርከው፤ ችግሩ ያስተማርከው ነገር ነው።

ልፈርድብህ አፍ የለኝም። እኔ በአንተ ዕድሜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምር ነበር። ቆዳው ተቀዶ ስፖንጁ የወጣ አንድ የመዝለያ ሳጥን ነበረን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እየሮጠች ትመጣና ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ደግማ ትሄዳለች፣ ትሮጣለች፣ ቀጥ። በሦስተኛው «ፈሪ! ውጪልኝ ከሰልፉ!» አልኳት፣ ግቢው እስኪሰማ። ደወሉ እስኪደወል ፀሐይ ላይ ቆመች። ወር ቆይቶ ነው የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ጎን ጠርታ የነገረችኝ። ልጅቷ ያን ቀን የወር አበባዋ መጥቶባት ነበር፤ የያዘችው ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ እግሯን ከፍታ ስትዘል እንዳይወድቅባት ነበር የምትቆመው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ያንኑ ሳጥን እንደ ፍየል እየዘለለች አልፋዋለች። ይህን ላስታውስ ይገባኝ ነበር። አላስታወስኩም። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ «አሞኛል» እያለች ቀረች፤ እኔም ሰነፍ ብዬ መዘገብኳት።

ከዚያ ወዲህ ተማሪ እምቢ ሲለኝ «ምን ፈርቶ ነው?» ከማለቴ በፊት «ማን ፊት?» ብዬ እጠይቃለሁ። የእኛ ልጆች ሞትን ቢፈሩም ሐፍረትን የበለጠ ይፈራሉ። መስጠም አንድ ነገር ነው፤ እየተሳቀብህ መስጠም ሌላ ነው። አንተ ደግሞ 11 ሰዎችን በ32 ተመልካች ፊት፣ በመዋኛ ልብስ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ አቁመህ «ለምን አይማሩም?» ትለኛለህ።

በዚያ ላይ 11ዱን አንድ ላይ ጠቅልለህ «የማይለቁት» ብለሃቸዋል። የሁሉም ምክንያት አንድ አይመስለኝም። እውነት የፈራ ተማሪ ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ይመጣል፤ ልብሱን ይቀይራል፤ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፤ ተራው ሲደርስ «አንተ እለፍ» እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሽንት ቤት ያበዛል። ያኮረፈው ዘግይቶ ይመጣል፤ ፎጣም አይዝም። ሳይመርጠው ስፖርት ሳይንስ የደረሰው፣ ቤት ሲሄድ «ለመሮጥ ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬደህ?» የሚለው አጎት ያለው ልጅ ነው። ለእሱ የዋና ዘዴ አይሠራለትም። ካፌ ወስደህ ሻይ ጋብዘውና አንተ ራስህ በዚህ ሙያ እንዴት እንደቆየህ ሐቁን አጫውተው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ሌላው የሚዘነጋው ሆድ ነው። ክላስህ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ከሆነና ጊዜው ዐቢይ ጾም ከሆነ፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምስ ልጅ ፊትህ አለ። በረመዳን ደግሞ ውኃ እንኳ ያልጠጣ። እንዲህ ያለ ልጅ ገንዳ ጠርዝ ላይ ዓይኑ ቢጭበረበርበት ፍርሃት ልትለው ነው? ጠይቅ። ሰዓት መለዋወጥ ከቻልክ ለዋጥ፤ ካልቻልክ በዚያ ሰሞን ቀለል ያለውን አሠራ።

ከዚያ ልብስ አለ። ሴቶቹ ምን ለብሰው ነው የሚገቡት? ወንዶቹ የት ቆመው ነው የሚያዩት? ተማሪዋ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም፣ እናቷ ፊት እንኳ ገላዋን ሳትገልጥ ያደገች ልጅ ስለ ትንፋሽ አወሳሰድ የምትነግራትን አትሰማህም፤ ሐሳቧ በሙሉ ጭኗን መሸፈን ላይ ነው። ረጅም ታይትና እጅጌው ረጅም ጠበቅ ያለ ካናቴራ ፍቀድ፤ ፀጉር መሸፈኛም እንዲሁ። ሴቶቹን ለብቻ የምታሠራ ሴት ባልደረባ ካለችህ የሳምንቱን አንድ ሰዓት ለእሷ ስጣት። የወር አበባ ላይ ያለች ተማሪ ምክንያቷን ሳትናገር «ዛሬ ጠርዝ ላይ ነኝ» ብላ የምትቀመጥበት ፈቃድ ይኑር፤ ፈቃዱንም ለሁሉም፣ ለወንዶቹም ጭምር ስጥ፤ አለዚያ የተቀመጠችው ሁሉ ምክንያቷ ይታወቅባታል።

ይህን ሁሉ አጥርተህ ስትጨርስ እውነት ውኃ የሚፈሩ አራት አምስት ልጆች ይቀሩሃል። አሁን ወደ ዋናው ሥራህ እንግባ።

«አትፍሩ» የሚለውን ቃል ተወው። ለማን አትፍራ ትላለህ? ገላው ነው የፈራው፣ ገላ ደግሞ አማርኛ አይሰማም። ደጋ ላይ ያለ ያልሞቀ ገንዳ ሰውን ሲነካ ትንፋሽ ሳይታሰብ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ጀግናም ይሁን ፈሪ የሁሉም ሰው ገላ ይህን ያደርጋል። ያቺ ትንፋሽ አፍንጫው ውኃ ውስጥ ሳለ ከመጣች ውኃ ይስባል፣ ያስላል፣ አንገቱን ሽቅብ ይቀስራል። አንገት ሽቅብ ሲቀሰር እግር ቁልቁል ይወርዳል። እግሩ ሲወርድ «ሰመጥኩ» ይላል። ትንፋሹ በመታፈኑ ደረቱ ይጠብቃል፣ ጡንቻው ይገተራል። አንተ ጠርዝ ላይ ሆነህ «ዘና በል!» እያልክ ትጮኻለህ።

ሯጭህ ደግሞ ተጨማሪ ዕዳ አለበት። ቀጭን ነው፣ እግሩ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ከስብ ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ የእሱ እግር ከሌሎቹ ይልቅ ይሰምጣል። ይህን ነግረኸው ታውቃለህ? ባዮሜካኒክስ ተምሯል፤ ይገባዋል። «እግርህ የሚወርደው ስለፈራህ ብቻ አይደለም፤ የሯጭ እግር ስለሆነ ነው» ብትለው ግማሹ ሐፍረት ይወርድለታል። ሌላም አለ። ሩጫ ያስተማረው ሲጨንቀው ጨክኖ መግፋትን ነው፤ የመጨረሻዋ 300 ሜትር ላይ የሚያዋጣው እሱ ነው። ውኃ ግን ጨክነህ በመታኸው ቁጥር ያደክምሃል። ሜዳ ላይ አንደኛ ያደረገው ጠባይ ነው እዚህ የሚያሰምጠው። እንዲህ ያለው ልጅ ከሰነፉ ይልቅ ይከብዳል፤ የሚያጣው ክብር አለዋ።

እንግዲህ ገበያ ውጣና አራት ሳፋ ግዛ። አዎ፣ ልብስ የሚታጠብበትን የፕላስቲክ ሳፋ። ለብ ያለ ውኃ ሞልተህ ከገንዳው ራቅ አድርገህ አስቀምጣቸው። ተማሪዎቹ ተንበርክከው ፊታቸውን ይነክሩና በአፋቸው ቀስ ብለው አረፋ ያውጡ። ቡ...ው... እያሉ። መጀመሪያ ከንፈር፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ቀጥሎ እስከ ጆሮ። መተንፈስ እንጂ ትንፋሽ መያዝ አታስተምር፤ ውኃ የሚፈራ ሰው ችግሩ አየር ማጣት ሳይሆን ያለውን አየር አለማስወጣቱ ነው። ዓይናቸውን ውኃው ውስጥ እንዲገልጡ አድርግ፤ ሳፋው ሥር አንድ ሳንቲም ጣልና አንበሳ ይሁን ሌላ ይንገሩህ። የሚስቅ ቢኖር ራሱም ፊቱን ስለነከረ የጓደኛውን ፊት አያይም። ይህን አንድ ሳምንት ሙሉ ብታደርገው ጊዜ አላባከንክም። ዶርም ወስደው ማታ ማታ ቢሠሩት ደግሞ ይበልጥ ይቀናቸዋል።

ከዚያ ገንዳው። ፊሽካህን አውልቅና አንተ ራስህ ውኃ ውስጥ ግባ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ደረቅ ልብስ ለብሰህ ከላይ ሆነህ ነው ያስተማርካቸው መሰለኝ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። አንተ ስትገባ ጠርዝ ላይ የሚጠብቅ ዋና የሚችል ሌላ ሰው የግድ ይኑር፣ ረጅም ዘንግም አጠገቡ። ወገብ በሚደርስ ውኃ ጀምር።

መጀመሪያ የምታስተምረው መንሳፈፍ አይደለም፤ መቆም ነው። ይህ ብዙ አስተማሪ የሚዘለው ነገር ነው። ተማሪው የሚፈራው በሆዱ ተኝቶ ሳለ ተመልሶ መቆም እንዳያቅተው ነው፤ ማንም አላሳየውምና። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይሰብስብ፣ በሁለት መዳፉ ውኃውን ቁልቁል ይጫን፣ ጭንቅላቱን ያንሳ፤ እግሩ ወለሉን ያገኘዋል። መጀመሪያ ጠርዙን ይዞ፣ ከዚያ እጅህን ይዞ፣ ከዚያ ለብቻው። ሃያ ጊዜ ከሠራው በኋላ ጉልበቱን አቅፎ ትንፋሹን ሞልቶ ኳስ ይሁን በለው። አንተ ምንም አታድርግ፤ ወደ ታች ለመውረድ ይሞክር። ጀርባው ብቅ ይላል፣ እምቢ ብሎ። ሳንባው አየር የሞላ ሰው መስጠም ሲፈልግ እንኳ እንደሚቸገር በራሱ ጀርባ ያውቃል። አንተ ሺህ ጊዜ ብትነግረው የማያምነውን ውኃው ራሱ ይነግረዋል።

ሲንሸራተት ደግሞ ከግድግዳው አትላከው፤ ወደ ግድግዳው አስመጣው። አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ይቁምና ተንሸራቶ ጠርዙን ይያዝ። ነገ ሜትር ተኩል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለፈራ ሰው ግን ወደ ቤት መሄድና ከቤት መባረር ናቸው። ማቆሚያ ምልክት ስጠው፤ መዳፉን ከፍ ካደረገ ወዲያው ይቆማል፣ ማንም ለምን አይለውም። አንድ ሁለቴ «እስኪ ይህ መምህር እውነቱን ነው?» ብሎ ይፈትንሃል። እለፍለት። በሦስተኛው እጁን ማንሳት ይተዋል።

በነገራችን ላይ «ማን ረጅም ሰዓት ውኃ ሥር ይቆያል» የሚለውን የልጆች ውድድር ከልክል። የሚጎዳው ፈሪዎቹን አይደለም፤ ጎበዞቹን ነው። ደጋግሞ በኃይል ተንፍሶ የገባ ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይቀራል።

አሁን 32ቱ ምን ይሁኑ? ፈቃድህ ከሆነ አንድ የቆየ ነገር ላጫውትህ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል አጥብቆ ስለሚፈራ ፒተር ስለተባለ ሕፃን ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በጎጆዋ እንዳለች ከክፍሉ ጥግ አስቀመጠቻት። በየጊዜው ትንሽ ጠጋ፣ ትንሽ ጠጋ። ጥንቸል የማይፈሩ ሕፃናትም አብረውት እንዲጫወቱ ታደርግ ነበር። በመጨረሻ ልጁ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ጥንቸሏን ዳበሳት። ሁለት ነገር ልብ በልልኝ። አንደኛ፣ ጥንቸሏ ጭኑ ላይ አልተወረወረችም። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ልጆች ተመልካች አልነበሩም፤ አብረውት ነበሩ።

ስለዚህ ክላስህን ለሁለት ክፈል። ለፈሪዎቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ለብቻቸው ሰዓት ፈልግላቸው። ከ32ቱ ሁለት ሦስት ረዳት ምረጥ። ጣና ዳር ያደገ፣ ዓሣ የሆነ ልጅ አለህ አይደል? እሱን አትምረጥ። እሱ እንዴት እንደቻለ አያውቀውም፤ «ዝም ብለህ ዋኝ» ነው የሚለው። ባለፈው ወር ራሱ ጠርዝ ጨብጦ የነበረውን፣ አሁን እየተንገዳገደም ቢሆን የሚሻገረውን ምረጥ። «እኔም አፍንጫዬን ሲገባኝ አለቀስኩ እኮ» የሚለው እሱ ነው።

ስለ ሳቁ ደግሞ አንድ ነገር ትናገራለህ፣ ክላሱ ፊት፣ አጭር አድርገህ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ የእኛው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ፍሪስታይል ዋኝቶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሲወጣ ዓለምም እኛም ስንት ተረብ አወረድንበት። እንዴት ተመረጠ የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። ግን ያ የተሳቀበት ሰው በ1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ ጨርሷል። ከ43ቱ ውስጥ ይህን የሚሞክር አለ? ብለህ ጠይቃቸው። ዝም ይላሉ። ከዚያ «እዚህ ገንዳ ውስጥ በሰው መሳቅ ያበቃል፤ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ የማቆመው እኔ ነኝ» በል። ሯጩን በስሙ አትጥራው፤ ሁሉም ያውቃል።

ወደ ልጅቷ ልምጣ። እዚህ ላይ ፍጥነትህን ቀንስ።

የእሷ ሌላ ነው። ሌሎቹ የሚፈሩት ሊሆን የሚችለውን ነው፤ እሷ የምትፈራው የሆነውን ነው። ከጓደኞቿ የሰማኸውን «ሰምቻለሁ» ብለህ አታቅርብላት፤ ምስጢሯ ያለ ፈቃዷ ቢሮህ መድረሱን ስታውቅ ሌላ ቁስል ነው። ለብቻዋ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ይህን ብቻ በላት፦ «ገንዳው ጋ ስትደርሺ እንደሚከብድሽ አያለሁ። ምክንያቱን ልትነግሪኝ አይገባም። በዚህ ኮርስ ምን ብናደርግ ይሻልሻል?» ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይረዝማል፤ አትሙላው።

አስተማሪ ነህ ወይስ ሐኪም ብለሃል። አስተማሪ ነህ። ትንፋሽ ማጠሩ ከገንዳው ርቃም ካልተዋት፣ እንቅልፍ ከነሳት፣ ውኃ ያዘለ ሕልም እያባነናት ከሆነ፣ ዝናብ ሲዘንብ የምትርበተበት ከሆነ ያ የአንተ ሳፋ የሚፈታው አይደለም። የግቢያችሁ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ጋ ራስህ አድርሳት፤ ወረቀት ጽፈህ መላክ ብቻ አይበቃም። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል አለ፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤልን የማያውቅ የለም። «አማኑኤል የሚሄደው ያበደ ነው» የሚለውን ወሬ ከአንተ አፍ እንዳትሰማው ብቻ። ጸበል ልሂድ ካለችህም አትከራከራት፤ ሁለቱን አብራ ትሂድ በላት።

ኤ የምታመጣ ልጅ ሐዘን የለባትም እንዳትል። ሐዘን አንዳንዴ የሚወጣው ባልታሰበ ቦታ ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 እጮኛውን ዓለም ተጫሌን አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ አጣት። በዚያው ወር መጨረሻ ቦስተን ላይ 3000 ሜትር ሮጠ። ያ ሁሉ ሩጫ ያለፈበት ሰው ዙር መቁጠር ጠፍቶት የመጨረሻውን ፍጥነቱን አንድ ዙር አስቀድሞ ለቀቀውና ተሸነፈ። ውስጡ ምን እንደነበር እሱ ያውቃል። እኔ ግን ጎበዝ ተማሪ የምታውቀውን ነገር ድንገት ስትስት ባየሁ ቁጥር ያ ዙር ትዝ ይለኛል። በመጋቢት ፈረንሳይ ላይ የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ፤ ነሐሴ ላይ ብራስልስ ውስጥ በ10,000 ሜትር 26:17.53 ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን የምነግርህ ለልጅቷ እንድትነግራት አይደለም። «ቀነኒሳ ችሏል አንቺስ?» ብትላት አልተቀየምኩህም አልልህም። የነገርኩህ ለአንተ ነው፤ ጥር ላይ የወደቀን ሰው ጥር ላይ እንዳትፈርድበት።

ኃላፊህን በተመለከተ፣ ሽማግሌውን አታስቀይማቸው፤ ግን ኤፍ እንደማያስዋኝ ማስረዳት ይቻላል። ይርክስና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 አይጦችን በኤሌክትሪክ እየነዘሩ ሳጥን መለየት አስተምረው ነበር። ልዩነቱ ቀላል ሲሆን ንዝረቱ በበረታ ቁጥር አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። ልዩነቱ ከባድ ሲሆን ግን ጠንካራው ንዝረት አደናበራቸው፤ የተሻለው ለስለስ ያለው ነበር። ዋና ለጀማሪ ከባዱ ሳጥን ነው። ኤፍ በሰዓት ለመምጣት፣ ፎጣ ለመያዝ ያስገድድ ይሆናል፤ ትንፋሽ ለማስወጣት አያስገድድም። ኃላፊህ ጋ ስትገባ ቅሬታ ይዘህ አትግባ። የ11ዱን የየሳምንቱ ደረጃ የያዘ አንድ ገጽ ይዘህ ግባ፦ ማን ሳፋ ላይ ነው፣ ማን ቆሞ ያውቃል፣ ማን አንድ ሜትር ተንሸራቷል። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቃቸው፤ ፈተናው ያለ ተመልካች እንዲሆንና የወደቀ ደግሞ የሚፈተንበት ቀን እንዲኖር። ሁለቱም ገንዘብ አያስወጡም፤ ኃላፊ ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ይወዳል።

መመዘኛውንም አታርክስ። በኋላ ራሳቸው አስተማሪ የሚሆኑ ልጆች ናቸው፤ ሳይዋኝ ያለፈ መምህር ነገ የሌላ ሰው ልጅ ይዞ ሐይቅ ዳር ይወርዳል።

ቀረ ልጁ። ዛሬውኑ ጻፍለት። በጓደኛው አትላክበት፤ «ለምን ቀረህ» ብለህም አትጀምር። እንዲህ በቂ ነው፦

«ሰላም ነህ? ያን ቀን ከኋላህ መግፋቴ ጥፋት ነበር። መሳቄም ጥፋት ነበር። ክላሱ ፊት ያጠፋሁትን ክላሱ ፊት ብያለሁ። ስለ ቀሪው ቀን ሁለታችን እንነጋገራለን፣ አትጨነቅ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ገንዳው ላይ ሰው የለም። ውኃ መግባት የለብህም። እኔ እዚያ ነኝ።»

«ብያለሁ» የሚለው እውነት እንዲሆን ክላሱን መጀመሪያ አናግር፤ ከዚያ ላክ። ቅዳሜ ቀድመህ ድረስ፤ እንዳትቀር። ካልመጣ ስልኩን አትነዝንዘው። ሰኞ ንጋት ላይ ልምምድ የሚሠራበት ሜዳ ሂድ። አታስቁመው። መስመሩ ዳር ቁምና ሰዓት ያዝለት፤ ሲጨርስ ስንት እንደገባ ንገረው።